ነፋስ ያስተማረው ሰርቭ፦ የከዚራና የሳቢያን የጠረጴዛ ቴኒስ ግጥሚያ

በግንቦት ወር አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ውስጥ የከዚራና የሳቢያን ልጆች በሰፈር ቡድኖች የጠረጴዛ ቴኒስ ሊግ ተገናኙ። ከዚራ 3 ለ 1 አሸነፈ። ውጤቱ ብቻውን ሲሰማ የሚያስገርም አይደለም፤ ከዚራ በልምድ የሚበልጥ ቡድን ነው፣ አዳራሹም የራሱ ሜዳ ነው። ጨዋታው የተወሰነው ግን በሁለተኛው የነጠላ ግጥሚያ መሀል፣ የአንድ የሳቢያን የ17 ዓመት ልጅ ሰርቭ (ነጥቡን የሚያስጀምረው ምት) ሕጋዊ ነው ወይስ አይደለም በሚል ክርክር ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወሬ ይዞራል። አንዱ ልጁን አጭበርባሪ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ የከዚራ ሰዎች መሸነፋቸውን ሲያዩ በሕግ አሳብበው ልጁን ሰበሩት ይላል። የነጥብ መዝገቡን ይዤ ከጠረጴዛው አጠገብ ስለነበርኩ ሁለቱም ትክክል እንዳልሆኑ አውቃለሁ። የልጁም ስም፣ የአምበሎቹም ስም እዚህ አይነሳም፤ ሁሉም በየቀኑ መንገድ ላይ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ልጁ ሰርቭ። ኳሱን በግራ እጁ አውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ይዞ፣ ወደ ላይ ሳይወረውር፣ ከጣቶቹ ሲለቀው በራኬቱ ጠርዝ ጠረግ አድርጎ ይመታዋል። ኳሱ አጭር ሆኖ ይወድቅና ወደ ጎን ይታጠፋል። ተቀባዩ በየት በኩል እንደሚዞር ለማንበብ ጊዜ የለውም። የሳቢያን ልጆች ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጀምሩት፤ እሱ ግን ከሁሉም በልጦ ተካኖበታል።

ይህ ሰርቭ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ልጁ የተማረበትን ጠረጴዛ ማየት ያስፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ኒም ዛፍ ሥር የቆመ፣ የብረት እግር የተበየደለት ኮምፔንሳቶ ነው፤ መሀሉ ላይ በመረብ ፋንታ ጣውላ ተጋድሞበታል። ድሬ ከሰዓት በኋላ ነፋሷ ይነሳል። የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ክብደቱ 2.7 ግራም ነው፤ ወደ ላይ ሲወረወር ነፋሱ ይዞት ይሄዳል፣ ራኬቱ የሚያገኘው አየር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውጭ የሚጫወት ልጅ ኳሱን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት በጣቱ ይይዛል። ማንም አላስተማረውም፤ ነፋሱ ነው ያስተማረው። ሌላም ምክንያት አለ። በዛፍ ሥር ጠረጴዛ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ተራ ይጠብቃል፤ ተራው ደግሞ ረጅም ነው። ከሰርቭ በቀጥታ ነጥብ የሚያገኝ ልጅ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል። ረጅም ምልልስ የሚወድ ልጅ ብዙውን ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያሳልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ ያደገ ተጫዋች ሁሉን ችሎታውን ሰርቭ ላይ ቢያፈስ የሚፈረድበት አይደለም።

በጣት ታግዞ ሰርቭ መስጠት የሳቢያን ፈጠራ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1937 ኦስትሪያ ባደን ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አሜሪካውያን ኳሱን በጣቶቻቸው አሽከርክረው የሚለቁበትን ሰርቭ ይዘው መጡ፤ የወንዶቹን የቡድን ዋንጫም ወሰዱ። የሚቀበላቸው ስለጠፋ ጨዋታው ሰርቭ ብቻ እንዳይሆን ተሰጋና ያ አሰራር ታገደ። ዛሬ ያለው ሕግ ግልጽ ነው። ኳሱ በተዘረጋ መዳፍ ላይ፣ ሳይያዝ፣ እጅም ሳይንቀሳቀስ ይቀመጣል። ከዚያ ሳይሽከረከር ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቢያንስ 16 ሴንቲ ሜትር ይወረወራል፤ ሲወርድ ይመታል። ከመነሻው እስኪመታ ድረስ ከጠረጴዛው ወለል በላይና ከጠረጴዛው የኋላ ጠርዝ በስተጀርባ መሆን አለበት፣ ለተቀባዩም መታየት አለበት። በሰውነት መከለልን የሚከለክለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የጠበቀው። የሕጉ ሐሳብ አንድ ነው፤ ተቀባዩ የመታውን እጅም የተመታውን ኳስም አይቶ የመመለስ ዕድል ይኑረው።

የልጁ ሰርቭ ከዚህ ሁሉ ጋር ይጋጫል። ታዲያ እስከ ግንቦት ድረስ እንዴት ተጫወተበት?

የጉዳዩ ዋና ጥፋት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዚህ ሊግ የሚዳኙት ሌሎች ቡድኖች ውስጥ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ጨዋታ የሌለው ይዳኛል። ሁሉም የልጁን እጅ አይተዋል። ሁሉም ያውቁታል። ግን የጎረቤትን ልጅ፣ ገና መጀመሩ ላይ ያለን ልጅ፣ በወላጆቹና በጓደኞቹ ፊት ነጥብ መቅጣት ከበዳቸው። ይሉኝታ ያዛቸው። እያንዳንዱ ዳኛ «የሚቀጥለው ይንገረው» እያለ አሳለፈው። ለልጁ ያዘኑ መስሏቸው ነበር። በእያንዳንዱ ዝምታ ግን ልጁ ሰርቩ ልክ መሆኑን እየተማረ፣ ሌላ ሰርቭ ለመለማመድ ምንም ምክንያት ሳይኖረው ቀረ።

በዚያ እሁድ የዳኙት የስፖርት መምህር ናቸው፤ ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው። ከሁለቱም ሰፈር አይደሉም። ሕጉን በደንብ ያውቃሉ፣ ከዚያ በፊት ግን ልጁን ሲጫወት አላዩትም።

የቡድን ጨዋታው አደረጃጀት እንዲህ ነው። ከየቡድኑ ሦስት ተጫዋች ይሰለፋል፣ እስከ አምስት የነጠላ ግጥሚያ ይደረጋል፣ መጀመሪያ ሦስት ያሸነፈ ቡድን ይረታል። የየቡድኑ አንደኛና ሁለተኛ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ሊገቡ ይችላሉ፣ ሦስተኛው አንድ ጊዜ ብቻ። እያንዳንዱ ግጥሚያ ከአምስት ዙር ሦስት ያሸነፈ ነው፣ ዙሩም በ11 ነጥብ ያልቃል፤ በ21 መቆጠሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ነው የቀረው። ሳቢያን ልጁን ሁለተኛ አድርጎ አሰለፈ። ያ ማለት መጀመሪያ ከከዚራው ሁለተኛ፣ ከዚያ ደግሞ ከአንደኛው ጋር ይጋጠማል ማለት ነው። የከዚራው ሁለተኛ ተጫዋች የቡድኑ አምበል ነው፤ ከአርባ ያለፈ፣ ኳስ መላሽ፣ ትዕግሥተኛ ሰው።

ሙቀቱ ከባድ ነበር። ግንቦት ላይ ድሬ ከ35 ዲግሪ ማለፏ የተለመደ ነው። ቬንትሌተሩ ኳሱን ስለሚገፋ ተዘግቷል፤ በነፋሱ በኩል ያሉት መስኮቶችም እንዲሁ። የተጫዋቾቹ እጅ ያልባል፣ ላቡ የራኬቱ ላስቲክ ላይ ሲንጠባጠብ ኳሱ ይንሸራተታል። በየስድስት ነጥቡ ፎጣ መጠቀም ይፈቀዳል፣ ሁሉም ተጠቅመውበታል። ለልጁ ግን ይህ አዳራሽ እንግዳ ነበር፤ ነፋስ በሌለበት ሲጫወት ኳሱ ከለመደው ፍጥነት ውጭ ይመጣበታል።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ የከዚራ አንደኛ ተጫዋች 3 ለ 0 አሸነፈ። ስለሱ የምለው የለኝም።

ሁለተኛው ተጀመረ። ልጁ የመጀመሪያውን ዙር 11 ለ 6 ወሰደ፤ አምበሉ የልጁን ሰርቭ ወይ መረብ ላይ ይጥላል ወይ ከጠረጴዛው ያወጣዋል። ሁለተኛውን አምበሉ በትግል 11 ለ 9 መለሰ። ሦስተኛው እንደገና የልጁ ነበር፣ 11 ለ 7። በአራተኛው ልጁ 4 ለ 2 እየመራ ሰርቭ ሲደርሰው አምበሉ እጁን አነሳ። «ቲቸር፣ እጁን እዩልኝ፤ ኳሱን ይይዘዋል፣ አይወረውረውም» አለ። ጮኾ አልተናገረም።

ብዙ ሰው የሚወቅሰው በዚህ ሰዓት እጁን በማንሳቱ ነው። ለምን በመጀመሪያው ዙር አላለም? ለምን ልጁ እስኪመራ ጠበቀ? እኔ አልወቅሰውም። በመጀመሪያ፣ ተቀባይ ኳሱን ለመመለስ ሲታገል የባላጋራውን ጣቶች ለማየት ጊዜ የለውም፤ ምን እየሆነ እንደሆነ የገባው በሦስተኛው ዙር እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል፣ አምነዋለሁ። ሁለተኛ፣ በቡድን ጨዋታ ይግባኝ የሚያቀርበው አምበል ብቻ ነው፤ ጥያቄውን ማንሳት ሥራው ነው። ሦስተኛ፣ ቀድመው መናገር የነበረባቸው ዳኞች ዝም ስላሉ፣ ጥያቄው መቼም ቢነሳ በአንድ ሰው ላይ የሚያርፍ ነበር።

ቲቸር አስቆሙና ልጁ እንደገና እንዲሰጥ አዘዙ፤ በዚህ ጊዜ ዓይናቸው እጁ ላይ ነው። ልጁ የለመደውን ሰጠ። «ተጠራጥሬያለሁ» አሉና አስጠነቀቁት፣ ነጥብ አልቀጡም። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። ዳኛ ሰርቭ ሲጠራጠር በአንድ ግጥሚያ ውስጥ የመጀመሪያውን ጊዜ በማስጠንቀቂያ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ግልጽ ያልሆነ ሰርቭ ሁሉ ለባላጋራው ነጥብ ነው። ሰርቩ ሕጋዊ መሆኑን ለዳኛው ማሳየት የሰጪው ኃላፊነት ነው። የሳቢያን አምበል ተነስቶ «እስከ ዛሬ ማንም ምንም አላለውም» አለ። እውነቱን ነው። ግን ዳኛው ያየው ነገር ላይ ይግባኝ አይባልም፤ ቲቸርም ይህን በእርጋታ ነግረው ጨዋታውን ቀጠሉ።

ልጁ እንደገና ሊሰጥ ሲል እጁ ራሱ ወደ ለመደው ሄደ። ነጥብ ለከዚራ፤ 4 ለ 3። ቀጥሎ ኳሱን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ወረወረ፣ መረብ መታ፤ 4 ለ 4። አዳራሹ ውስጥ የሳቢያን ደጋፊዎች መጮህ ጀመሩ፣ ከከዚራ ወገንም አንድ ሁለት ሰው በልጁ ሳቀ። ያንን ሳቅ የከዚራው አምበል ዞር ብሎ በዓይኑ አስቆመው፤ ይህን ያዩ ጥቂቶች ናቸው፣ ስለዚህ እዚህ እንዲመዘገብ እፈልጋለሁ። ልጁ ዙሩን 11 ለ 6፣ አምስተኛውን ደግሞ 11 ለ 4 ተሸነፈ።

መዝገቡን እንመልከት። ክርክሩ ከተነሳበት ከ4 ለ 2 ጀምሮ እስከ ግጥሚያው መጨረሻ ከዚራ 20 ነጥብ አገኘ፣ ልጁ 6። ከ20ዎቹ በዳኛ ቅጣት የመጡት 3 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ በአራተኛው ዙር፣ አንዱ በአምስተኛው። «በዳኛ ተሸነፈ» የሚለውን ወሬ ይህ ቁጥር ይዘጋዋል። የቀሩት 17 ነጥቦች የጠፉት በሌላ መንገድ ነው። ልጁ የሚወረውረው ኳስ በጣም ከፍ ይላል ወይ ወደ ኋላው ይሸሻል፤ ሰርቩ ረዝሞ ይወድቃል፣ አምበሉ ያጠቃዋል። የአምበሉን ሰርቭ ሲቀበል እንኳ፣ ሰርቭ የማይመለከተው ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሐሳቡ ቀጥሎ ስለሚሰጠው ኳስ ነበር። ብዙ ስፖርት ላይ እንደዚህ ያለ መበታተን አይቻለሁ፤ እንዲህ በፍጥነት ሲሆን ያየሁት ግን እዚህ ነው።

ሦስተኛው ግጥሚያ ላይ የሳቢያን ሦስተኛ ተጫዋች አምስት ዙር ታግሎ አሸነፈ። ለቡድኑ 2 ለ 1 ማጥበቡ አንድ ነገር ነው፤ ትልቁ ውለታው ግን ለልጁ የሰጠው ጊዜ ነው።

በዚያ ጊዜ ውስጥ የሳቢያን አምበል ልጁን ይዞ ወደ አዳራሹ ኮሪደር ወጣ። ውሃ አጠጣው፣ ፊቱን አስታጠበው፣ «በቃ አቦ፣ ያለፈውን ተወው» አለው። ከዚያ ያደረገው ነገር እስካሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። አዲስ የሚያምር ሰርቭ ሊያስተምረው አልሞከረም። አንድ ብቻ፣ ቀላል፣ ከሥር የተቆረጠ አጭር ሰርቭ መረጠለት። የውርወራውን ከፍታም በሜትር አልነገረውም። የመረቡ ቁመት 15.25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ «ኳሱን ከመረቡ ከፍታ ትንሽ አስበልጠህ ወርውር» አለው። ልጁ ግድግዳው ሥር ቆሞ፣ ያለ ጠረጴዛ፣ መወርወርና መያዝ ብቻ ደጋገመ። መዳፍ መዘርጋት፣ ቆም ማለት፣ መወርወር። «ጋሼ፣ ይሄ ሰርቭ ነጥብ አያመጣም እኮ» አለ። አምበሉ «አያምጣ፤ አንተ ሦስተኛውን ኳስ ምታ» ሲል መለሰለት። ሰርቩ አንደኛው ኳስ ነው፣ የባላጋራው መልስ ሁለተኛው፤ ሦስተኛው እንደገና የሰጪው ነው።

ይህች ምክር ጨዋታውን ገልብጣ ያየች ናት። ልጁ በሰርቩ በቀጥታ ነጥብ ስለሚያገኝ፣ ሰርቩ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የተለማመደው ትንሽ ነው። የሰርቭ ሥራ ግን ነጥብ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ባላጋራ የሚመልስበትን አቅጣጫ ማጥበብም ነው። ከሥር የተቆረጠ አጭር ኳስ በኃይል ሊመታ ስለማይመች ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ገፋ አድርጎ ይመልሰዋል። ሰጪው የሚመጣውን አስቀድሞ ስለሚገምት ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

አራተኛው ግጥሚያ ከከዚራ አንደኛ ተጫዋች ጋር ነው፤ በሊጉ ካሉት ምርጦች አንዱ። ቲቸር የልጁን የመጀመሪያ ሰርቭ ተከታተሉ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጠሉ። የከዚራው ተጫዋች ያንን የታወቀ ሰርቭ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው፤ ፊቱ ላይ የሚያርፈው ግን ሌላ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ዙር 11 ለ 8 አሸነፈ። በፎርሃንድ (በመዳፉ በኩል) የመታቸውን ሦስተኛ ኳሶች ያየ ሰው፣ ይህ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ጉልበት የት ደብቆት ነበር ብሎ ይጠይቃል። ሰርቩ ውስጥ ነው የደበቀው።

ከዚያ በኋላ ልምድ ተናገረ። የከዚራው ተጫዋች ልጁ አንድ ዓይነት ሰርቭ ብቻ እንዳለው ተረዳና ወደ ልጁ ባክሃንድ (በእጁ ጀርባ ወደሚመታበት በኩል) በረጅሙ መመለስ ጀመረ። ልጁ ሁለተኛውን 11 ለ 9፣ ሦስተኛውን 12 ለ 10፣ አራተኛውን 11 ለ 7 ተሸነፈ። በግጥሚያው በሙሉ አንድም ሰርቭ አልተቀጣበትም። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ፤ አምስተኛው ግጥሚያ አላስፈለገም።

እንግዲህ ልጁ አጭበርባሪ ነው? አይደለም። አጭበርባሪ ሕጉን እያወቀ ዳኛ ሲዞር የሚጥስ ነው፤ እሱ የለመደውን በሁሉም ፊት በግልጽ ነው ያደረገው። ከዚራስ በደለው? አልበደለውም። ሕጉ ትክክል ነው፣ መከበሩም ትክክል ነው፤ ያለ እሱ ሊጉ የሰርቭ ውድድር ብቻ ይሆናል። በደሉ ሕጉ ለልጁ የተነገረበት ጊዜና ቦታ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በልምምድ ላይ፣ ለብቻው፣ በፈገግታ ሊነገረው የሚችለውን ነገር በሰው ፊት፣ በ4 ለ 2፣ በነጥብ ተማረው።

ከሳምንት በኋላ የየቡድኑ አምበሎች ሻይ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ። የሳቢያን አምበል ውጭ ተጫውተው ላደጉ ልጆች እስከ ሊጉ መጨረሻ ምሕረት ይደረግ ብሎ ጠየቀ። ሐሳቡን የሚደግፉ ነበሩ፤ እኔ ግን ያ ዝምታውን ማራዘም ነው ባይ ነኝ። የሚቀጡትም የማይቀጡትም በአንድ ሊግ ውስጥ ሊኖሩ አይችሉም፣ ልጁም በአንድ ከሰዓት መማር እንደሚችል አሳይቷል። የከዚራው አምበል ያቀረበው ተሻለ፣ ተቀባይነትም አገኘ። ከግጥሚያው በፊት ባለው የሁለት ደቂቃ ማሟሟቂያ ዳኛው የሁለቱንም ተጫዋቾች ሰርቭ ያያል፤ ችግር ካለ ያኔውኑ ለአምበሉ ይነግራል። በተጨማሪ ከዳኛው ትይዩ ረዳት ዳኛ ይቀመጣል፤ እጅ ከአንድ ወገን ሲታይ የሚሰወር ነገር ከሌላው ወገን ይታያል፣ ሕጉም ረዳቱ ስለ ሰርቭ እንዲወስን ይፈቅድለታል። በየሰፈሩ ውጭ ባሉት ጠረጴዛዎች ላይ ለሚጫወቱ ታናናሾች ደግሞ በተዘረጋ መዳፍ እንዲጀምሩ ትልልቆቹ እንዲነግሯቸው ተስማሙ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ነፋሱ አሁንም አለ፤ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ኳሱ ከእጁ እየበረረበት ሕግ አክብር ሲባል ለምን እንደሆነ ሊገባው ይገባል። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ጥግ ማስጠጋት ወይም በነፋሱ በኩል ሸራ መወጠር ከምክር የበለጠ ይረዳዋል።

ያልተፈታ አንድ ነገር ቀርቷል። የመልሱ ጨዋታ የሚደረገው ሳቢያን ነው፣ ቦታው ግን ጣሪያ ያለው ጎኑ ክፍት ዳስ ነው። ከሰዓት ቢሆን ኳሱን ከፍ አድርገው የሚወረውሩት የከዚራ ተጫዋቾች ናቸው የሚቸገሩት፤ ሰርቫቸው ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ነፋሱ ያበላሽባቸዋል። ይህን ያነሳው የሳቢያን አምበል ራሱ ነው። ጨዋታው ነፋሱ ሳይነሳ፣ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንዲሆን ሐሳብ አቅርቧል፤ የከዚራው አምበል ተስማምቷል፣ ለመዳኘትም ቲቸር እሺ ብለዋል።